የፓምፕ ኮሚቴ

«አቦ፣ ሐልዋ የሚሉት የሠርጉ ጣፋጭ አጀንዳ ውስጥ የለም!» አለ ሰይፈ ሚካኤል መዝገቡን በመዳፉ እየመታ። «ባልተያዘ ጉዳይ ላይ አንወያይም።»

«ሠርጉ ግን ዛሬ ነው» አለች ሚስቱ ሰርካዲስ። «ሃዎ ልጇን ስትድር ዮርዲ ካልሄደች፣ ነገ በየትኛው ዓይኔ ነው የማያት? ግድግዳ እኮ ነው የሚለየን!»

«እሺ፣ ልዩነትሽ በቃለ ጉባኤ ይያዝ።»

«ቃለ ጉባኤ የምይዘው እኔ ነኝ!»

«እንግዲያው ያዢዋ!»

የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ዮርዲ በመካከላቸው ተቀምጣ ከጎረቤት የሚመጣውን ከበሮ ታዳምጣለች። ወገቧ ላይ የኢንሱሊን ፓምፗ ታስሯል። ነርሷ አሠራሩን ባስረዳች ቀን ትልልቆቹ ፎቶ በማንሳት ተጠምደው ስለነበር የሰማችው እሷ ብቻ ነበረች። ብዙም ሳይቆይ አባትና እናት፣ አንዱ ሌላውን ሳይጠይቅ፣ ለአንድ ምሳ ሁለት ጊዜ መድኃኒት ሰጧት። ልጅቷ ስኳሯ ወርዶ ወደቀች፤ በማር ተረፈች።

የሰይፈ ሚካኤል አባት ሁሉን በፊርማ የሚያሠሩ የባቡር ጣቢያ ሹም ነበሩ። እሱም ጥፋቱ የአሠራር ነው ብሎ ደመደመና የፓምፕ ኮሚቴ አቋቋመ። እሱ ሰብሳቢ፣ ሰርካዲስ ጸሐፊ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ጄኔሬተር የሚጠግነው ወንድሟ ግሩም ደግሞ የቴክኒክ አባል ሆኑ። ሦስቱ ሳይፈርሙ ፓምፑ አይነካም። ጣፋጭ የተባለ ሁሉ ቁምሳጥን ውስጥ ተቆልፎ፣ ቁልፉ ሰብሳቢው ኪስ ይውላል። ዮርዲ ድምፅ የላትም።

«የሐልዋው አንድ ቁራጭ ስንት ግራም ነው?» አለ ግሩም። «ከቀፊራ ገበያ ሚዛን ላምጣ እንዴ?»

«በማን ቁራጭ ልትመዝን? የሃዎ እጅ እንደሆነ ስትቆርስ ሰፊ ነው» አለች ሰርካዲስ።

የዮርዲ ጣቶች ተንቀጠቀጡ፤ ግንባሯን የሙቀቱ ያልሆነ ላብ አጠመቀው። ጣቷን ወግታ ለካች።

«አባዬ፣ ስኳሬ ወርዷል። ሃምሳ ስምንት።»

«ልዩ ልዩ ጉዳዮች ላይ ስንደርስ ትናገሪያለሽ።»

ሰርካዲስ «58» ብላ በጥንቃቄ ጻፈች። ከዚያ የጻፈችውን አነበበችና ደነገጠች። «ቁልፉን አምጣ! ማሩን ላውጣ!»

«ቁልፍ የሚወጣው በሦስት ፊርማ ነው። ያኔ ያለ ፊርማ ሠርተን ምን ሆነች?»

«እፈርማለሁ! ግሩም፣ ፈርም!»

ግሩም ፈረመ፤ እስክሪብቶው አልጻፈም። አራገበው፣ ተነፈሰበት፣ ኪሱን ዳበሰ። ሰርካዲስ መሳቢያውን ገለበጠች። ሰይፈ ሚካኤል በእርሳስ መፈረም ይፈቀድ እንደሆነ ለማየት መተዳደሪያ ደንቡን ያገላብጥ ጀመር።

ዮርዲ ኮሚቴዋን ታውቀዋለች። ከካልሲዋ ሦስት ከረሜላ አውጥታ አኘከች። ነርሷ እንዳለቻት የግድግዳውን ሰዓት እያየች አሥራ አምስት ደቂቃ ጠበቀች፤ እንደገና ለካች። መቶ ስድስት። ቁጥሩን በእናቷ ክንድ ሥር አሾልካ መዝገቡ ላይ ጻፈችው።

«ተገኘ!» አለ ግሩም፣ ቀይ እስክሪብቶ ከፍ አድርጎ።

«በቀይማ አይሆንም።»

«አንተ ሰውዬ!» ብላ ሰርካዲስ ኪሱ ውስጥ እጇን ከተተች። ቁልፉ ወጣ።

«ማን ነው የሚረከበው?» አለ ሰይፈ ሚካኤል እጇን እንደያዘ። «ርክክቡ ይፈረማል! ደግሞም ከእንግዲህ ዮርዲ ያለ ኮሚቴው ፈቃድ ከቤት እንዳትወጣ የምትደግፉ?»

ሦስት እጆች ወጡ፤ የሰርካዲስ እጅ ቁልፉን እንደጨበጠ ነበር።

ዮርዲ ስለ ሠርጉ ቀድማ ስትጠይቃት ነርሷ ለአንድ ቁራጭ ሐልዋ ስንት መድኃኒት እንደሚበቃ የጻፈችላትን ወረቀት አጣጥፋ ኪሷ ከተተች። ጫማዋን አንጠልጥላ፣ በሩን ቀስ ብላ ገርበብ አድርጋ ወደ ከበሮው ሄደች።