ሐመሩ ሐ

ሁለተኛው ተኩስ ሲሰማ ወይዘሮ ፈትለወርቅ የያዙትን ሻይ ፍራሹ ላይ ደፉት።

"በስመ ሥላሴ! ሰው ተመታ?"

"ሰው አይደለም፣ እትዬ። ገልባጩ ነው" አለች ፀሐይ። ከትናንት በስቲያ ባሏን ከቀበረች ወዲህ ድምጿ ከፍ ብሎ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

ለማስተዛዘን የተቀመጠው ሰው ሁሉ ወደ መስኮቱ ዞረ። ደጅ፣ ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ካለው ቤታቸው ጋራዥ ፊት ለፊት፣ አራት ዓመት የተገተረው የሰባ ስምንት ሞዴል ገልባጭ መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ይጨሳል። የሟቹ ጓደኛ በድሉ እስከ ወገቡ ሞተሩ ውስጥ ገብቷል። የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ጋሽ ጣሰው ደግሞ በለቅሶ ሱፋቸው አንድ ወረቀት ይዘው አጠገቡ ቆመዋል።

"ስንት ሰዓት ሆነ?" አለች ፀሐይ።

"ዋን ፎርቲ፣ ማሚ። ሰውዬው በቱ ይመጣል" አለች ልጇ ሊዲያ ስልኳን አይታ። "ደግሜ ኮል አደረግኳቸው። ኖ ሞር ኤክስቴንሽን ነው የሚሉት።"

ሰውዬው የከተማው ተቆጣጣሪ ነው። የማይንቀሳቀስ መኪና ደጅ ላይ ማቆም ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ ሦስት ጊዜ መጥቷል፣ ሁለቴም ቀን ተጨምሯል። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ገልባጩ በራሱ ሞተር ካልተንቀሳቀሰ ተጎትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ወዲያ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ዛሬ ደግሞ ሳልስት ነው።

"በሐዘን ቤት ሞተር ይነሣል?" አለች አንዷ በሹክሹክታ።

"ነውር ነው እንጂ!" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ፣ ሹክሹክታ የማያውቁ ሴት ናቸውና።

ፀሐይ አልሰማቻቸውም። የካቲት ላይ የተናገረችውን እያሰበች ነበር። "ወይ እኔ ወይ ይሄ ቆርቆሮ፣ አንዳችን ከዚህ ቤት እንውጣ!" ብላው ነበር። ባሏ ተክለሚካኤል በቅባት እጁ አፉን ሸፍኖ ሳቀ። "አንቺ ትንሽ ታገሺ፣ እሱ ሊወጣ ነው" አላት። ባለፈው ቅዳሜ ልቡ ቀጥ አለችና ቀድሟቸው ወጣ። አሁን እሷ ስለዚያ ቆርቆሮ በሁለት እጇ ጉልበቷን ጨብጣ ተቀምጣለች።

በወጣትነቱ ጎጃም ውስጥ መንገድ ሲሠራ የገልባጭ ረዳት ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ጠጠር ላይ ተንጠልጥሎ ሄዷል። ሾፌሩ ግን ካሶኒውን፣ የጭነት ሣጥኑን፣ የሚያነሣውን ማንሻ አንድ ቀን እንኳ አላስነካውም። ከዚያ ሱዳን ገባ፤ ከዚያ ዴንቨር። ዳውንታውን ፓርኪንግ ውስጥ በመስታወት ሣጥን ተቀምጦ የሰው መኪና ሲያስገባ ሲያስወጣ ሃያ ዓመት ሞላው። ከቶርንተን ማዶ አንድ ገበሬ ጓሮ ውስጥ ይህን ገልባጭ ያየ ቀን ራቱን ሳይበላ አደረ። "አንድ ቀን ማንሻውን በገዛ እጄ እስበዋለሁ" ይላት ነበር፣ እንደ ልጅ ዓይኑ እያበራ።

ከደጅ የጋሽ ጣሰው ድምፅ መጣ።

"እንደገና ከመጀመሪያው! ሀ!"

"ገባ!"

"ለ!"

"ገባ!"

"ሀ!"

"ሀማ ገባ እኮ፣ ጋሼ!" አለ በድሉ።

"ወረቀቱ ላይ ሌላም ሀ አለ።"

"እንግዲህ ሀ ያው ሀ ነው፣ የተረፈውን እሰካዋለሁ።"

ፀሐይ ቀና አለች። የሠርጋቸው ጥሪ ካርድ ትዝ አላት። ማተሚያ ቤቱ ስሟን "ጸሀይ" ብሎ አትሞት፣ በልጅነቱ በድቁና ያገለገለው ባሏ ሁለት መቶውን ካርድ አንድ በአንድ በእስክሪብቶ አርሞ ነበር። "ሚስቴ በፀሐዩ ፀ እና በሐመሩ ሐ ነው የምትጻፈው" ብሎ ማተሚያ ቤቱን ልክ ልኩን ነገረው።

ከፍራሹ ተነሣች።

"ወዴት ነው? በሳልስትሽ!" አሉ ወይዘሮ ፈትለወርቅ።

"ፊደል ላስቆጥር" አለችና በነጠላ ጫማ ወጣች። ለቀስተኛውም ተከትሏት ወጣ።

ሞተሩ ስምንት ካንዴላ፣ ስምንት የካንዴላ ገመድ አለው፤ አንዱ ገመድ ቦታውን ከሳተ ይተኩሳል እንጂ አይነሣም። ተክለሚካኤል አዲሶቹን ገመዶች ገዝቶ፣ በእያንዳንዳቸው ላይ ነጭ ፕላስተር ጠቅልሎ የፊደል ገበታውን የመጀመሪያዎቹን ስምንት ፊደላት ጽፎባቸዋል። ቦታ ቦታቸውንም ወረቀቱ ላይ ሥሏል። መሰካቱ ብቻ ነበር የቀረው።

ፀሐይ አንዱን ፕላስተር በአውራ ጣቷ ጠረገችው።

"ይሄ ሐመሩ ሐ ነው፣ በድሉ። ሃሌታው ሀ ቦታ ላይ ምን ይሠራል?"

"ሁለቱም ሀ አይደሉም እንዴ?"

"ተክሌ ይህን ቢሰማ ከመቃብሩ ተነሥቶ ነበር የሚያርምህ!"

መጀመሪያ የሳቀችው ራሷ ፀሐይ ናት። ጋሽ ጣሰው ወረቀቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ግንባራቸውን መቱ።

"እኔ ቄስ ፊት ፊደል የቆጠርኩት ሰውዬ! ሰ ስልህስ የቱን ሰካህ?"

"ሰ የሚል ያገኘሁትን ነዋ።"

"ንጉሡን ሠ ከዚህ ንቀለው፣ እሳቱን ሰ ስጠኝ" አለች ፀሐይ። አራቱን ገመዶች ራሷ አቀያየረቻቸው። እያንዳንዱ ቀጭ ብሎ ሲገባ ጣቷ ላይ ይሰማታል። ልቧ እንዲህ ከመታ ስንት ዘመኑ!

"ማሚ፣ መጣ! መጣ!" ሊዲያ ጮኸች። የተቆጣጣሪው መኪና መታጠፊያው ላይ ታየ።

በድሉ ዘሎ ገባና ቁልፉን አዞረ። አስነሺው ሞተሪኖ አቃሰተ። ቆመ። እንደገና አቃሰተ።

"በል እንጂ! በል እንጂ!" አለች ፀሐይ የገልባጩን የፊት መከላከያ በመዳፏ እየመታች።

ሞተሩ አንዴ አስነጠሰና ተነሣ! ስምንቱም አንድ ላይ! ሲሚንቶው ከእግሯ ሥር ተንቀጠቀጠ፣ የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣ ጋሽ ጣሰው ባርኔጣቸውን አውልቀው አወዛወዙ። በድሉ ሦስት ሜትር ወደፊት ሄዶ ሦስት ሜትር ተመለሰ። ተቆጣጣሪው ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ ግራ ተጋብቶ አየ፤ ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና "ናይስ ትራክ" ብሎ ሄደ።

በድሉ ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ።

"ነይ ውጪ። ማንሻው ያንቺ ነው።"

ደግፈው ጋቢና አስገቧት። ማንሻው ከመቀመጫው ጎን ነው፤ ቀዝቃዛና ወፍራም። በሁለት እጇ ሳበችው። ከኋላዋ የሆነ ነገር ጮኸ፣ መኪናው ወገቡን ሰበቀ፣ የአራት ዓመት ቅጠልና ዝናብ እየተንሸራተተ ሲወርድ ተሰማ።

"እልልልልል!"

ወይዘሮ ፈትለወርቅ ነበሩ። ወዲያው አፋቸውን በሁለት እጃቸው ከደኑ። "አፌን ያዝልኝ፣ አንተ ሚካኤል!" አሉ፣ እንባና ሳቅ እየተናነቃቸው።

ፀሐይ ግን ካሶኒውን አላየችም። የጎን መስተዋቱ የሚያሳያት ሰማይ ብቻ ነው። ረጅሙ ተክለሚካኤል ለራሱ ቁመት ነው ያስተካከለው።

"አይታይሽማ፣ ቆይ ዝቅ ላድርግልሽ" አለ በድሉ እጁን ወደ መስተዋቱ ዘርግቶ።

"አትንካው!" አለች።

በድሉ እጁን መለሰ። ፀሐይ ጥቁር ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደች፤ አራት ቦታ አጥፋ ከሥሯ አደረገችና ቀና ብላ ተቀመጠችበት።