ፈሪ ለእናቱ

ተሳፋሪዎቿ «እትዬ መሪ» ይሏታል። ስሙን ያወጣላት አንድ ቀልደኛ የቢሮ ሠራተኛ ነበር። አንድ ማለዳ «በዚህ ዘመን ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ መሪ እሷ የጨበጠችው ብቻ ነው» ብሎ አውቶቡሱን ሙሉ አሳቀ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ተለጠፈባትና በዚያው ቀረ። ቀልደኛው በመጀመሪያው ዙር ወረርሽኝ ሞተ። እሷ በምትነዳበት የአውቶቡስ ድርጅት ሹፌር የነበረው ታላቅ ወንድሟም ሞተ። መንዳት ያስተማራት እሱ ነበር። ሲቀበር «ርቀሽ ቁሚ» ተብላ ከአጥሩ ወዲያ ሆና የአካፋውን ድምፅ ብቻ ሰማች።

እናቷም ተይዛ ነበር፤ ግን ተረፈች። ተረፈች ከተባለ ነው እንጂ፣ ከአልጋዋ ተነስታ መስኮቱ ጋ እስክትደርስ መሀል ላይ ወንበር ተደግፋ ትንፋሿን ትሰበስባለች። ሐኪሙ «ሁለተኛ ቢነካቸው አይችሉትም» ብሎ ለልጅቱ በሹክሹክታ ነገራት። እናትየዋ ሰምታለች፤ ጆሮዋ እንደ ሳንባዋ አልደከመም።

እንግዲህ ሁለተኛው ዙር መጣ፣ አልመጣም የሚለው ወሬ ከተማውን ሲንጠው እትዬ መሪ እንዴት እንደከረመች መገመት ነው። አንዱ «የመጀመሪያው ቅምሻ ነው፣ ዋናው ገና ነው» ይላል። ሌላው «ሊያስፈራሩን ነው፣ ምንም የለም» ይልና ማስኩን ከአገጩ ወደ አፍንጫው ከፍ ያደርጋል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ለሰልፈኛ የተሠሩት ቢጫ ክቦች በሰው ጫማ ተፍቀው ጠፍተው ነበር፤ አንድ ማለዳ እንደ አዲስ ተቀብተው ታዩ። ሰው ሁሉ ቀለሙ ላይ ሲቆም አንገቱን ሰበር አደረገ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ ይሄኛው ግን ልጥ አልነበረም።

ቤቷ ስትመለስ ልብሷን ግቢው ውስጥ ታወልቃለች፤ እጇን እስከ ክንዷ በሳሙና ትፈትጋለች። የእናቷን ምግብ መኝታ ቤቱ በር ላይ ካለች በርጩማ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ትመለሳለች። እናትየዋ በሩን ገርበብ አድርጋ ሳህኑን ትወስዳለች። የሚያወሩት በዚያው በተገረበበው በር ነው።

«ፊትሽን ላየው አልችልም እንዴ?» ትላለች እናቷ።

«ያው የድሮው ነው፣ እማዬ። አላማረም።»

«አላማረም አትበይኝ፤ እኔ ነኝ የሠራሁት።»

በየማለዳው ከገበያው ፌርማታ የሚሳፈሩ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በሙያቸው ሰዓት ሠሪ ስለነበሩ ሰው የሚያውቃቸው በዚያው ነው። ምሳ ዕቃ በፎጣ ጠቅልለው ይይዙና ከሹፌሯ ጀርባ ካለው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ሚስታቸው ግማሽ አካላቸው ሽባ ሆኖ ዳገቱ ላይ ካለው ሆስፒታል ከተኙ ከርመዋል። «ከእኔ እጅ ካልሆነ አትጎርስም» ይላሉ ሰዓት ሠሪው። «ነርሶቹ ማንኪያ ሲያስጠጉ ጥርሷን ትነክሳለች። ድሮም ግትር ናት። ያገባችኝም በግትርነት ነው፤ አባቷ እምቢ ስላሉ።» ሲወርዱ ሁልጊዜ «ዕድሜ ይስጥሽ፣ ልጄ» ሳይሉ አይወርዱም። ደመናማ ቀን እንኳ ቢሆን እሳቸው ወርደው በሩ ሲዘጋ እትዬ መሪ ፈገግ ትል ነበር።

ያን ቀን ማለዳ ዴፖው ውስጥ አለቃው ሹፌሮቹን ሰብስቦ፣ ራቅ ራቅ አድርጎ አቁሞ፣ «ወንበር በግማሽ ነው። የሚያስል ሰው አትጫኑ። ነግሬያችኋለሁ» አላቸው። ምክንያቱን የጠየቀው የለም። ራዲዮው ከንጋት ጀምሮ ሲለፍፍ ሁሉም ሰምቷል።

ሰዓት ሠሪው በዚያ ቀን እስከ ረፋድ ዘግይተው ነበርና አውቶቡሱን ሮጠው ነው የደረሱበት። በሽምግልና ጉልበት መሮጥ ምን እንደሆነ የሮጠ ያውቀዋል። ተቀመጡ፤ ምሳ ዕቃውን ጭናቸው ላይ አደረጉ፤ ትንሽ እንደሄዱ ጉሮሯቸውን ከረከራቸው። ዋጡት። መልሶ መጣ። መሀረባቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ታገሉት። የታፈነ ሳል ግን ሲወጣ የባሰ ነው፤ ፈነዳ።

ከዚያ ባለ ቀይ ሻርፕ የሆነች ሴት ከመሀል ብድግ አለች።

«ሰውየው እያሳሉ ነው! አትሰሙም እንዴ?»

«ሮጬ ነው፣ ልጄ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «ጉሮሮዬ ደርቆ ነው። ሌላ ምንም የለብኝም።»

«ጎረቤቴም ጉሮሮዬ ደርቆ ነው ብሎ ነው የሞተው!» አለ ከኋላ አንድ ወፍራም ድምፅ።

«ይውረዱ!»

«እትዬ መሪ፣ አቁሚ እንጂ! ልጆች አሉን!»

መስኮቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ከሰዓት ሠሪው ጎን በኩል የነበሩት ሰዎች ወንበራቸውን ትተው ወደ ኋላ ተጋፉ፤ ከሳሉ ለመራቅ ብለው እርስ በርሳቸው ትከሻ ለትከሻ ተጣበቁ። እትዬ መሪ በመስታወቱ ሁሉንም አየች። ሽማግሌውን ታውቃቸዋለች። ሳላቸው የሩጫ እንደሆነም ልቧ ያውቃል፤ ሲሮጡ ያየቻቸው እሷ ናት። ነገር ግን በዚያች ቅጽበት የታያት ሽማግሌው አልነበሩም፤ ወንበር ተደግፋ የምትተነፍስ እናቷ ናት። ብሳሳትስ አለች። ዳገቱ ሥር ዳር ይዛ ቆመች። ፌርማታ እንኳ የሌለበት ቦታ ነበር።

«አባባ» አለች ሳትዞር። «ለዛሬ ይውረዱልኝ።»

«እኔን ነው?»

«እናት አለችኝ፣ አባባ። በሽተኛ ናት።»

«እኔም ሚስት አለችኝ» አሉ ሰዓት ሠሪው። «እየጠበቀችኝ ነው።»

በሩን ከፈተችው። ሽማግሌው ምሳ ዕቃቸውን በደረታቸው አቅፈው፣ ጉልበታቸው ስለሚያማቸው በጎን በኩል አንድ አንድ እግር እያሉ ወረዱ። መሬት ሲደርሱ «ዕድሜ ይስጥሽ» አሏት። ከልማድ ይሁን ከምር አላወቀችም። አንዱ ተነስቶ ወንበራቸው ላይ ሳኒታይዘር ረጨ። ባለ ቀይ ሻርፗ ቁጭ ብላ «ምን እናድርግ፣ ጊዜው ነው» አለች። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ማንም የማንንም ዓይን አላየም።

ቀትር ላይ መነሻው ጋ ደርሳ ሞተር አጥፍታ ዳቦዋን ስትገምጥ፣ የትኬት ቆራጩ ራዲዮ ዜና አነበበ። በሽታው ዳግም በመስፋፋቱ ሆስፒታሎች በሙሉ ከዛሬ እኩለ ቀን ጀምሮ ጠያቂ አያስገቡም፤ እስከ መቼ እንደሆነ ወደፊት ይገለጻል።

የቀረውን ዳቦ ጠቅልላ አስቀመጠችው።

«ምነው? ጠገብሽ እንዴ?» አላት ትኬት ቆራጩ።

«ለዚያ ሽማግሌ» አለች፣ «ዛሬ መጨረሻው ቀን ነበር።»

በመልስ ጉዞዋ ሆስፒታሉ በር ላይ አቁማ ወረደች። ከብረት አጥሩ ውጭ ሰው ተኮልኩሏል፤ የሚለምን፣ የሚሳደብ፣ ስልኩን ወደ መስኮቶቹ ከፍ አድርጎ የሚያውለበልብ። ሰዓት ሠሪው ከሁሉም ራቅ ብለው አጥሩን ይዘው ቆመዋል። ጫማቸው አቧራ ለብሷል። ዳገቱን ሙሉ በእግራቸው ወጥተውታል፤ ያለፏቸው አውቶቡሶች የተፈቀደላቸው ግማሽ ወንበር ሞልቷልና አንዱም አልቆመላቸውም።

«አልደረሱም?» አለቻቸው።

«ደረስኩ። ሰንሰለቱን ሲያስሩት ደረስኩ።»

እትዬ መሪ ወደ ጥበቃው ሄደች። ለመነችው። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሚስታቸውን አጉርሰው እንዲወጡ ጠየቀችው፤ ጥፋቱ የእሷ እንጂ የእሳቸው እንዳልሆነ ነገረችው። ጥበቃው ጎልማሳ ነው፤ ክፉ ሰው አይመስልም።

«እህቴ፣ እኔም ልጆች አሉኝ» አላት።

ይህን ቃል በሌላ ሰው አፍ ስትሰማው ልመናዋን አቆመች። ጥበቃው ሊያደርግላቸው የቻለው ምሳ ዕቃውን በጓንት ተቀብሎ ወደ ውስጥ መላክ ብቻ ነበር። ላድርስዎት ብትላቸው ሽማግሌው እምቢ አሉ። «በእግሬ መሄድ ለምጃለሁ» አሉ፣ ሳይቆጡ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ አየቻቸው። አውቶቡሷ ዳገቱን ጨርሶ በአጥሩ ጎን ሲያልፍ ሽማግሌው ቆመው ከላይ ካሉት መስኮቶች ወደ አንዱ እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ከመስኮቱ በኩል የሚያወዛውዝ አይታይም። አንድ ጊዜ ቀይ መብራት ይዟት አጠገባቸው ቆማ ነበር። ባለ ቀይ ሻርፗ በመስኮት አየቻቸውና ከንፈሯን መጠጠች፦ «ምስኪን! አይ የሰው ነገር፤ ማን ይሆን እዚህ የተኛባቸው?» ብላ አጠገቧ ላለው ሰው አሳየችው። አላወቀቻቸውም። እትዬ መሪ መሪውን አንቃ ያዘችው። ምን አፍ አላት?

ምሳ ዕቃው በየቀኑ ይገባል፤ በየቀኑ እንደ ሞላ ይመለሳል።

አንድ ቀን አጥሩ ጋ የሉም። በማግስቱም የሉም። እረፍቷ በደረሰ ቀን ገበያውን ጠይቃ ጠይቃ ቤታቸውን አገኘችው። በሩ ክፍት ነው። ግቢው ውስጥ ለቅሶ የደረሱ ጥቂት ጎረቤቶች ወንበራቸውን እንደ ተጣላ ሰው አራርቀው ተቀምጠዋል። ሰዓት ሠሪው ቤት ውስጥ ብቻቸውን ነበሩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች እንደ ወትሯቸው ይቆጥራሉ፤ ማንም አላቆማቸውም።

«ፈጣሪ ያጽናዎት» አለች ደፍ ላይ ቆማ።

«አሜን። ግቢ፤ አትፍሪ፤ መርምረውኛል፣ የለብኝም።»

ይህን ሲሏት መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ገብታ የወንበር ጠርዝ ላይ ተቀመጠች።

«በሽታው አይደለም የገደላት» አሉ ሽማግሌው። «እምቢ ብላ ነው። ነርሷ ደውላ ‹የቻልነውን ያህል ለመንናት› አለችኝ። የማታውቀው እጅ ሆነባት። በዚያ ላይ ሁሉም ፊታቸውን ሸፍነዋል፤ በምን ትለያቸው?»

«አባባ፣ እኔ...»

«የጮኹትን አላውቃቸውም» አሉ አቋርጠዋት። «ድምፃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየሁም። በእነሱ አልከፋኝም፤ የማያውቁኝ ናቸው። አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።»

ቀና ብለው ጠየቋት፦

«እናትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናት።»

«እንግዲህ» አሉ ሰዓት ሠሪው፣ እጃቸውን እያዩ፣ «የአንቺዋ ተረፉ።»

ቤቷ ስትመለስ ግቢው ውስጥ ልብሷን ሳታወልቅ ቁጭ አለች። እናቷ ከበሩ ወዲያ ኮቴዋን ሰምታ ተጣራች፤ መልስ ስታጣ ግድግዳ ይዛ በሩ ድረስ መጣች። ያን ጊዜ ልጅቱ ነገሩን ሁሉ ከስሩ ነገረቻት። ሳሉን፣ ጩኸቱን፣ በሩን፣ አጥሩን። መጨረሻ ላይ «ላንቺ ብዬ ነው፣ እማዬ» አለች።

እናትየዋ የበሩን መቃን ጨበጠች።

«ለእኔ ብለሽ?»

«ሐኪሙ ያለውን አልረሳሁም።»

«ፈሪ ለእናቱ ሲሉ እሰማለሁ» አለች እናቷ። «እናትየዋን የጠየቃት ግን የለም። እኔ ልጅ ቀብሬ የቀረሁ ሰው ነኝ፤ በሰው ሚስት ነፍስ የሚጨመርልኝ ዕድሜ እፈልጋለሁ ብዬሽ አውቃለሁ?»

«እማዬ...»

«ለሰውየው ስሜን ጠርተሽላቸዋል?»

«እናት አለችኝ ብያለሁ።»

«እንግዲያው ነገ ሂጂና ስሜን ከዚህ ነገር አውጪልኝ። እናቴ አልላከችኝም፣ ፈርቼ ያደረግኩት እኔ ነኝ በያቸው። እዚያ ግቢ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ በእኔ ሲያላክክ መሞት አልፈልግም።» ይህን ብላ ትንፋሿ አልበቃ አላትና ደፉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቱ ልትደግፋት ብድግ አለች፤ ከዚያ እጇ እንዳልታጠበ ትዝ ብሏት መሀል ላይ ቆመች።

በማግስቱ ሄደች። በሩ ተቆልፏል። ጎረቤትየዋ ከመስኮቷ ብቅ ብላ «ልጃቸው መጥታ ሌላ ከተማ ወሰደቻቸው» አለች። አድራሻቸውን ብትጠይቃት አታውቅም። ስልክ ቢሆን፣ ሽማግሌው ስልካቸውን አጥፍተውታል። «መልእክት ካለሽ ሲመጡ እነግራቸዋለሁ» አለች ጎረቤትየዋ፤ ወዲያው ደግሞ ነገሩን አሰበችውና «መምጣታቸውን እንጃ» ብላ መስኮቷን ዘጋች።

እትዬ መሪ ተቆልፎ ባየችው በር ላይ ትንሽ ቆማ ተመለሰች። በመንገዷ ላይ ሱቆቹ ግማሽ በራቸውን አውርደዋል፤ ሁለት አምቡላንሶች ተከታትለው ዳገቱን ሲወጡ ሰው ሁሉ ቆሞ በዓይኑ ሸኛቸው። ዴፖው ነገ ስንት ሹፌር እንደሚገባ አይታወቅም፤ ሁለቱ ታመዋል።

ቤት ስትደርስ ታጠበች። ልብሷን ቀየረች። ምግቡን በርጩማዋ ላይ አስቀምጣ ወደ ኋላ ተመለሰች። በሩ ገርበብ አለ።

«ነገርሻቸው?» አለች እናቷ።

«ነገርኳቸው።»

«ምን አሉ?»

«ዕድሜ ይስጣቸው አሉ።»

«እሰይ» አለች እናቷ። «እሰይ፤ አሁን እንቅልፍ ይወስደኛል።» እጇ በበሩ ስንጥቅ ወጥቶ ሳህኑን ወሰደ፤ ወዲያው የማንኪያው ድምፅ ተሰማ። ልጅቱ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ እናቷ በልታ እስክትጨርስ ድረስ አዳመጠች።