የተኛው ሰው ያየው

ጋሮማ ከሞተ ስድስት ዓመት ሆኖታል። ፈቀደ ግን እስከ ዛሬ በአምቦ መንገድ ሚኒባስ ሲሳፈር የገፈርሳ ውሃ በማይታይበት ጎን ነው የሚቀመጠው። ያ ጎን ተይዞ ካገኘው ወርዶ ሌላ መኪና ይጠብቃል።

ቡራዩ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ያስተምራል። ጋሮማም እዚያው የሒሳብ መምህር ነበር። አንድ እሑድ ሁለቱ ገፈርሳ ግድብ ሄዱ፤ ጋሮማ ሊዋኝ ገባ፤ አልወጣም። ፈቀደ ለፖሊስም ሆነ ለጋሮማ እናት ለአዴ አጸደ የተናገረው አንድ ነገር ነው፤ ባሕር ዛፍ ሥር ጋደም እንዳለ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። አዴ አጸደ አመኑት። እጁን ይዘው አለቀሱ፤ ከዚያ ወዲህም አንድ በዓል እንኳ ሳይጠሩት ቀርተው አያውቁም።

ጣጣው የመጣው በፈተና ነው። ከመማሪያ መጽሐፍ የተወሰደ ምንባብ ሁሉ ከነመልሱ ቴሌግራም ላይ ይገኛል። ፈቀደ ተማሪዎቹ የትም ፈልገው የማያገኙት ታሪክ ሲያስብ የራሱ ደብተር ትዝ አለው። ጋሮማ በሞተ በዓመቱ የጻፈው፣ ለማንም ያላሳየው አንድ አጭር ልብ ወለድ ነበረው። ደራሲው ሳይጠቀስ ቢያወጣው ማን ያውቃል? ደግሞም የጋሮማ ታናሽ እህት ኡርጂ አሥራ አንደኛ ክፍል፣ የራሱ ተማሪ ናትና ለጥንቃቄ ብዙ ነገር ለወጠ። ግድቡን ወንዝ አደረገው፤ ሁለቱን መምህራን ነጋዴዎች፤ ቡራዩን ስም የለሽ የቆላ ከተማ። አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ብቻ እጁ አልታዘዝ አለው፤ «ውሃው ጉልበቱ ሲደርስ ወደ ዳር ዞረና፣ ብርዱን እንዴት ልቻለው እንደማለት ትከሻውን ሰብቆ ሳቀ።» ከታሪኩ ሁሉ በደንብ የተጻፈው እሱ ነበር። ሳሳለት፤ ተወው።

አራተኛው ጥያቄ «ተራኪው ጓደኛውን ያላዳነው ለምንድን ነው? ከታሪኩ ማስረጃ እየጠቀሳችሁ አስረዱ» ይላል። በማረሚያው ላይ መልሱን ራሱ አሰፈረ፤ ተኝቶ ስለነበር።

ፈተናው በተሰጠበት ቀን ከሰዓት በኋላ በመምህራን ክፍል ተቀምጦ ማረም ጀመረ። ዮኒ የተባለው የክፍሉ ቀልደኛ «አንዱ ዋና አይችልም፤ ሌላው እንቅልፋም ነው። ወንዝ ዳር ምን ወሰዳቸው?» ብሎ ጽፏል። ፈቀደ ሳቅ ብሎ ሁለት ሰጠው። ሬሐና እንቅልፉን ከዕጣ ፈንታ ጋር አያይዛ አንድ ሙሉ ገጽ ሞልታለች። አምስት ሰጣት። ቀጥሎ የኡርጂ ወረቀት መጣ።

«ተራኪው አልተኛም። ታሪኩን በአንደኛ መደብ ስለሚተርክ ያላየውን ሊነግረን አይችልም። ጓደኛው ገና ጫማውን ሳያወልቅ እሱን እንቅልፍ እንደወሰደው ይናገራል፤ ነገር ግን ጓደኛው ውሃ ውስጥ ሆኖ መዞሩን፣ ትከሻውን መስበቁን፣ መሳቁን ያውቃል። በቦታው ሌላ ሰው አልነበረም። ስለዚህ እያየ ነበር። ለምን እንደዋሸ ግን ታሪኩ ላይ የለም።»

ፈቀደ ደግሞ አነበበው። «ይህን የሚያየው ማን ነው ብላችሁ ጠይቁ» እያለ ዓመቱን ሙሉ ያስተማረው ራሱ ነው። ስድስት ዓመት ያንን ሳቅ ብቻውን ሲያይ ኖሮ፣ አሁን አንዲት ልጅ አጠገቡ ቆማ አብራው የምታይ መሰለው። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቶ ዜሮ ጻፈ።

በማግስቱ ወረቀቱ እንደታደለ ኡርጂ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አራተኛው ላይ ዜሮ የሰጡኝ ለምንድን ነው?»

«ተኝቼ ነበር ብሏል እኮ። ታሪኩ የሚለውን ተቀበይ።»

«ታሪኩ የሚለውን ነው የተቀበልኩት። የሳቀውን የጻፈው ማን ነው?»

«በሕልሙ አይቶ ይሆናላ!» አለ ዮኒ ከኋላ።

«አንተ ሁለት ነው ያገኘኸው፤ ዝም በል» አለችው ሬሐና። ክፍሉ በሳቅ ሞላ።

ኡርጂ አልሳቀችም። ወረቀቷን ይዛ ወደ ፊት መጣችና ዓረፍተ ነገሩን ጮክ ብላ አነበበችው። በእሷ ድምፅ ሲሰማው ፈቀደ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገ። አገጯ፣ የቅንድቧ አቀማመጥ፣ ሁሉም የጋሮማ ነው። ይህን ዛሬ ገና ያየው ይመስል ቀና ብሎ ሊያያት አቃተው። ወረቀቱን ተቀበላትና ዜሮውን ሰርዞ አምስት ጻፈ።

«ልክ ነሽ። አልተኛም።»

«እና ለምን ዝም አለ?»

እዚህ ላይ «ለነገ አስቡበት» ብሎ ማለፍ ይችል ነበር። አፉ ግን ቀደመው።

«መጀመሪያ የሚቀልድ መሰለው። ሲጠልቅና ሲወጣ እየሳቀ ያየው ነበር። ቀልድ አለመሆኑ ሲገባው ደግሞ እንዲያ ሲስቅ መቆየቱ አሳፈረው፤ እግሩም ድምፁም ተያዘ። ቢጮህ እኮ የግድቡ ጥበቃ ይሰማው ነበር።»

ኡርጂ ወረቀቷን ከእጁ ወሰደች።

«ታሪኩ ላይ ጥበቃ የለም» አለች ቀስ ብላ። «ግድብም የለም። ወንዝ ነው።»

ሌሎቹ ምንም አልገባቸውም። ዮኒ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፍቶ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ክፍለ ጊዜው አልቆ ተማሪዎቹ ሲወጡ ኡርጂ በሩ ላይ ቀረች።

«ለእማዬ እርስዎ ይነግሯታል ወይስ ላንብብላት?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ ፈቀደ።

አብረው ወደ እነኡርጂ ቤት ወረዱ። እሷ ፊት ፊት ትሄዳለች፤ አንዴም አልዞረችም። አዴ አጸደ ጓሮ ጎመን ሲቀነጥሱ አገኟቸው።

«አካም ጅርታ፣ ልጄ! ምን እግር ጣለህ?» አሉ ቀና ብለው።

ፈቀደ እንደቆመ ተናገረ። ሦስት ዓረፍተ ነገር አልሞላም። እስኪጨርስ ድረስ አዴ አጸደ እጃቸው ላይ ያለውን ጎመን ሳያስቀምጡት ቆዩ።

«ጠርቶህ ነበር?» አሉት።

«አንዴ።»

«ምን ብሎ?»

«ስሜን።»

እሳቸው ወደ ልጃቸው፣ ከዚያ ወደ አጥሩ፣ ከዚያ ወደ እሱ አዩ።

«እኔ እኮ ማንም ሳያየው ሞተ እያልኩ ነበር የማለቅሰው» አሉ። ድምፃቸው አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ለካ እያየኸው ነው።»

ፈቀደ ሊንበረከክ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ከለከሉት።

«ይቅርታህን ለኋላ አቆየው። አሁን ከመጀመሪያው ንገረኝ፤ አንዲት እንዳትዘል።»

ከጠዋቱ፣ ሁለቱ ሚኒባስ ከተሳፈሩበት ጀመረ።