የተነቀለው እጀታ

«ታዲያ ጥፋተኛው ማን ነው?»

የካውያ ፋብሪካው ወኪል ልብስ ሰፊዋን ሱቋ ድረስ መጥቶ ጠየቃት። ባለፈው ሳምንት የደንበኛ ሱሪ ስትተኩስ የካውያው እጀታ ተነቅሎ ቀኝ እጇ ውስጥ ቀረ፤ የጋለው ብረት ግራ እጇ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ ቶሎ ካልታከመች ጣቶቿ እንደማይታጠፉ ነግሯታል።

«እኔ እንጃ። ፋብሪካችሁ ውስጥ አልነበርኩም።»

«እኛ ደርሰንበታል።» ወኪሉ አንድ ወረቀት መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ። «ብሎን የምታጠብቀው ልጅ ናት። በእሷ ቸልተኝነት ተጎዳሁ ብለው ይፈርሙ። እሷ ትባረራለች፤ እኛ እናሳክምዎታለን።»

«ካልፈረምኩስ?»

«ያጠፋ ሰው ከሌለ ምን ብለን እንከፍላለን? ካውያችን እንደሆነ እንከን የለውም።»

ታናሽ ወንድሟ፣ ውጭ አገር ሕግ ተምሮ የተመለሰው፣ ወደ በሩ ሳብ አደረጋት።

«ስሚ እታለም፤ ጥፋቱን በአንዲት ልጅ ላይ ካላላከኩ ሌሎቹን ካውያዎች ከገበያ መሰብሰብ ሊመጣባቸው ነው። ሌላ መንገድ አለ። ዕቃው ጎዶሎ ሆኖ ሰው ከጎዳ፣ ማንም ቸል ባይል እንኳ አምራቹ ይጠየቃል የሚል ክርክር። ግን ፍርድ ቤት መመላለስ አለው። ዳኛው ይቀበለው አይቀበለው እንጃ።»

«አንተ ብትሆንስ?»

«እኔማ… እፈርም ነበር መሰለኝ። የምትኖሪበት እጅ እኮ ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ወደ ጠረጴዛው ተመለሰች።

«ልጅቷ ታጥፋ አታጥፋ አላየሁም፤ ያላየሁትን አልፈርምም። ካውያውን የሸጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ። እጀታውም ተነቅሏል። እኔ የማውቀው ይህንኑ ነው።»

«በኋላ ይቆጭዎታል።»

«ይቆጨኝ! ቁጭቱ የራሴ ነው። አሁን ወረቀትዎን ያንሱልኝ፣ ጨርቅ ልቆርጥበት ነው።»

«በአንድ እጅ?» አለ ወንድሟ፣ ወኪሉ ከወጣ በኋላ።

«አንተ ትይዝልኛለሃ! ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው ለመቼ ነው?»

ሳይወድ ሳቀና የጨርቁን ጫፍ ያዘላት። ሥራው ሲያልቅ ስልኳን አንስታ በቀኝ አውራ ጣቷ ለወኪሉ ጻፈች፤ «አልፈርምም። ልጅቷን አትንኳት። ካውያዎቹን ከየሱቁ ሰብስቡ። የእጄን ነገር ፍርድ ቤት እንገናኛለን።»

ወንድሟ በትከሻዋ በኩል አነበበው። «‹እባካችሁ› የምትል ብትጨምሪበትስ?»

«ምን አድርገውልኝ?»

ላከችው። መልእክቱ እንደተነበበ ወዲያው ታየ። መልስ ግን ያን ቀንም፣ ከዚያ ወዲህም አልመጣም።