የወይዘሮ አዛለች እንስራ

«ስማ! ያልሰማህ ስማ፤ የሰማህ አሰማ! የወይዘሮ አዛለች እንስራ ተሰብሯል!»

ጭቃ ሹም ወርቁ ይህን የለፈፉት በሚያዝያ 1963 ዓ.ም. ነው፤ ስማዳ ውስጥ፣ ደብራችን በር ላይ፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው። ሕዝቡም ጋቢውን አደግድጎ አዳመጠ።

እንስራው የተሰበረው የወይዘሮ አዛለች የበኩር ልጅ ንጉሴ ምንጭ ዳር ሲወድቅበት ነበር። ንጉሴ ድንጋይ አንሸራቶት ሞተ ተብሎ ተቀብሯል። ድንጋዩ አራት ጊዜ አናቱን ብሎታል፤ አንድ ጊዜ ደግሞ ለመከላከል ያነሳውን ክንድ ሰብሮታል።

ገዳዩ ካሴ እንደሆነ፣ ነገሩም የወሰን ጠብ እንደሆነ ያላወቀ አልነበረም። አፉን ከፍቶ የሚለው ግን የለም። ወይዘሮ አዛለች አንድ ልጅ ቀርቷቸዋል፣ አዳነ። በቀብሩ ማግስት አዳነ ጠመንጃውን ወልውሎ ፊታቸው ቆመ።

«እማዬ፣ ማን ነው?»

«እንስራዬን ነው የሰበሩብኝ» አሉት።

አዳነ ራሱ ቢያውቅም እንኳ፣ እናቱ ገዳዩን እስካላሳወቁት ድረስ ደም መመለስ አይጠበቅበትም። ካሴን ከገደለ ደግሞ እሱ ይሰቀላል። ስለዚህ አገሩ በሙሉ ለእንስራ አለቀሰ።

ምክትል ወረዳ ገዢው ለእንስራ የሚያለቅስ ሕዝብ አይተው አያውቁም። ወንጀል ተሸሽጓል ብለው፣ አገሩ ወንጀለኛውን እንዲያወጣ አውጫጭኝ አዘዙ። ነጭ ለባሾች፣ የገዢው ታጣቂዎች፣ መሣሪያ አስፈትተው ሰዉን ሁሉ ሜዳ ላይ በእሾህ አጥር አጎሩት። ስም እስኪወጣ ድረስ እህል የለም፤ ውሃም ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ብቻ።

ከታጎሩት አንዱ የካሴ ታናሽ ወንድም ሀይሉ ነበር። ጀርመን አገር የአቶም ነዳጅ ከሚመረምሩት ጋር ይሠራል፤ ለአባቱ ተዝካር መጥቶ አጥር ውስጥ ገባ። በሬ ጠምዶ ያሳደገው፣ ትምህርት ቤትም የላከው ካሴ ነው። አሁን አጠገቡ ተቀምጧል፣ ሁለት እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ።

በመጀመሪያው ቀን ወንዱን አሥር አሥር እያወጡ በሰደፍ ደበደቡት። ጭቃ ሹሙ እንኳ «እንስራው…» ሲሉ ሁለት ጥርስ ተፉ። በሁለተኛው ቀን ነጭ ለባሾቹ አረፉ፤ ሰዉ እርስ በርሱ ተያያዘ። የካሴና የንጉሴ ዘመዶች የአጥር እንጨት እየነቀሉ ተፈነካከቱ። የአንዱ ጆሮ በጥርስ ተቆረጠ።

ጠቡ ጋብ ሲል፣ ቤተ ልሔም ደብር ድጓ የተማሩት መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ለመሆኑ ሀይሉ፣ እዚያ ማዶ ሥራህ ምንድን ነው?»

ሀይሉ የሰናፍጭ ፍሬ የምታክል ጠጠር አነሳ። «የኔታ፣ ይህች ዩራንየም ናት ይበሉ። እሳቷ ከውስጧ ነው። አራት ልብስ እናለብሳታለን። መጀመሪያ የላላ ከሰል፣ ግፊቱን እንዲውጥ። ከዚያ ጠንካራ ከሰል። ከዚያ ሴራሚክ፤ እንደ ሸክላ ነው፣ ግን ብረት ይፍቃል። ከላይ እንደገና ከሰል።»

«ይህ ሁሉ ለምን?»

«አቶሙ ሲሰነጠቅ የሚወለዱት ስባሪዎች መርዝ ናቸው። እንዳይወጡ ነው።»

«ታዲያ አይወጡም?»

«ይወጣሉ እንጂ። ጋዙ ሲጠራቀም ልብሱን ይተረትረዋል። አንዳንዱ ስባሪ ደግሞ ሴራሚኩን ከውስጥ ይበላዋል፣ እሳቱ በበረታበት በኩል።»

«ይሄ ገዢ አቶም ተምሮ ነው የመጣው በሉኛ!» አለ ጆሮው የተነከሰው። የሳቀ ሁሉ የደረቀ ከንፈሩ ደማ።

«ከስባሪዎቹ ሁሉ ያስቸገረን ግን ብር ነው» አለ ሀይሉ፤ «ይሄ የአንገት መስቀል የሚሠራበት። ልብሱ ምንም ሳይሰነጠቅ ውጭ እናገኘዋለን።»

«እንስራስ ሳይሰነጠቅ ያልበው የለም?»

«እንስራ ዓይን የማያየው ቀዳዳ አለው፣ የኔታ። ይሄን በማጉያ ብናይ ብናይ ቀዳዳ አጣንለት። ሙቀቱ ሲያይል ብቻ ይወጣል። በየት እንዳለፈ እስካሁን እንከራከራለን።»

ካሴ የተጠቀለሉ እጆቹን ጋቢው ውስጥ ከተተ። «አንተ፣ ሌላ ወሬ የለህም?»

ሀይሉ ጠጠሯን ጣላት።

በአራተኛው ቀን አንድ ሽማግሌ ጎናቸውን በሰደፍ ተመትተው ሞቱ። ገዢው ለዚህ ሞት ደግሞ እሳቸው ራሳቸው እንስራ መፈለግ እንዳይመጣባቸው ሰጉ። አሥራ ሁለት ሰዎች ወንጌል መትተው፣ እንስራውን የሰበረው በሬ ነው ብለው ማሉ።

«በሬውስ የት አለ?» አሉ ገዢው።

«ሞቷል ጌታዬ።»

አጥሩ ተከፈተ። በሩ ላይ ነጭ ለባሾቹ ጠመንጃ ለየባለቤቱ ይመልሱ ጀመር። ሽማግሎቹ፣ ወይዘሮ አዛለች ቂም እንደሌላቸው እንዲታይ ሕዝቡን በእጃቸው ውሃ ያጠጡ አሉ። አዲስ እንስራ ተሰጣቸው።

ተራ በተራ በየሰዉ እፍኝ ላይ አፈሰሱ። ለመሪጌታ አፈሰሱ። ለጭቃ ሹሙ አፈሰሱ። ለልጃቸው ለአዳነ አፈሰሱ። ለሀይሉም አፈሰሱ፤ «ጠጣ ልጄ፣ እንግዳ ነህ» አሉት።

ቀጥሎ ካሴ ነበር። ጨርቁን በጥርሱ ፈትቶ ሁለት እጁን አጋጥሞ ዘረጋ። የጣቶቹ አንጓዎች በሽመል ተልጠው ገና አልሻሩም ነበር። ወይዘሮ አዛለች እንስራውን አዘነበሉ። ውሃው እስከ እንስራው አፍ ድረስ መጣ። ፊታቸው አልተለወጠም። አንድም ጠብታ ሳያፈሱለት እንስራውን መልሰው አቀኑና ከካሴ ቀጥሎ ለተቀመጠው ሰው አፈሰሱ።

አዳነ የተቀዳለትን እፍኝ ገና አልጠጣም ነበር፤ ጣቶቹን አላቀቀ። ውሃው መሬት ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ተነሥቶ፣ ጠመንጃ ወደሚመለስበት በር ሄዶ ተራውን ያዘ።