ፀሐይ ይመታዋል

እቴቴ እሑድ ትመጣለች ከተባለ ወዲህ መስታወት ቆራጩ እሾህ የተነጠፈለት ይመስል አንድ ቦታ መቀመጥ አቃተው። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በሩ ድረስ ይሄዳል፣ ለምን እንደሄደ ረስቶ ይመለሳል።

እቴቴ ታላቅ እህቱ ናት። ሌላ ከተማ ትምህርት ቤት ታስተዳድራለች፤ በስልክ ስታወራ እንኳ ሰውን አሰልፋ የምትቆጥር ነው የምትመስለው። የተናገረችው አጭር ነው። «እሑድ እመጣለሁ። የእማዬ መሣሪያ ያለ ሐሳብ የሚሠራ ከሆነ ጥሩ። ካልሆነ ይዣት እሄዳለሁ። እኔ ጋ መብራት አይጠፋም።»

እናታቸው አስም አለባት። ሲነሳባት መድኃኒቱን እንደ ጉም አድርጋ የምታስተነፍሳት ትንሽ መሣሪያ አለቻት፤ እሷም በመኪና ባትሪ ትሠራለች። መብራቱ አንድ ቀን መጥቶ ሁለት ቀን የሚጠፋ ሲሆን፣ ልጅየው ባትሪውን ትከሻው ላይ ጭኖ፣ ሁለት ሰፈር አቋርጦ ጋራዥ ያስሞላ ጀመር። ባትሪ ተሸክሞ የማያውቅ ሰው ስለ ክብደት ባያወራ ይሻላል! ታዲያ አንድ ቀን ባትሪው ጋራዥ እያለ እማዬ አስሟ ተነሳባት። እንደ ምንም አለፈ። ለእቴቴ ማን እንደነገራት አይታወቅም፤ ጎረቤት መቼ አፍ አጥቶ ያውቃል።

«ዕቃ ነኝ እንዴ ከዚህ እዚያ የምጫነው?» አለች እናቱ። «የወለድኳችሁም እዚህ፣ ያሳደግኳችሁም እዚህ። ከቤቴ ወዴትም የለም።»

እሱም ቢሆን ሐሳቡ ብቻውን ያስጨንቀዋል። ሚስት አላገባ፣ ልጅ የለው። ማታ ከሥራ ሲገባ «መጣህ?» የምትለው እሷ ብቻ ናት። ያቺን አንድ ቃል የማይሰማበትን ቤት ማሰብ አይፈልግም።

ሶላሩን ለመሥራት የተነሳው በዚህ ምክንያት ነው። ሶላር የሚሸጥ ጓደኛው ጫፋቸው ተሸርፎ «አይሸጡም» የተባሉ ሠላሳ ስድስት ሴሎች፣ የፀሐይ ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይሩ ቅጠሎች፣ በካርቶን ሰጠው። ጠቆር ያሉ፣ እንደ ደረቅ ቅጠል ስስ የሆኑ ነገሮች ናቸው፤ ትንፋሽ የሚሰብራቸው ይመስላሉ። ግን የሰውየው ጣቶች ዕድሜያቸውን መስታወት ሲያባብሉ የኖሩ ናቸው። የመበየጃ ካውያውን በከሰል እያጋለ አንዱን ከሌላው ጋር በቀጭን ሽቦ አያያዘ፤ የዚህን ሆድ ከዚያ ጀርባ፣ የዚያን ሆድ ከቀጣዩ ጀርባ። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም ፍሬም አበጀ፣ ከላይ መስታወት አለበሰ፣ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፈነ። ፀሐይ ላይ አውጥቶ በቴስተር ሲለካው አሥራ ስምንት ቮልት! ብቻውን አጨበጨበ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ከመሄዱ በፊት ዝቅ ያለችው የዕቃ ቤት ጣሪያ ላይ ሰቀለው፤ ሽቦውንም ቤት ውስጥ ካለው ባትሪ ጋር አገናኘ። መሰላሉ ላይ ቆሞ፣ ምስማር በጥርሱ ነክሶ፣ ጥድፊያ በጥድፊያ ሆኖ ሳለ እናቱ ከታች አንጋጣ ጠየቀችው።

«ልጄ፣ እዚያ ላይ ሲውል ምን ይሆናል?»

«ፀሐይ ይመታዋል!» አላት በኩራት።

«ውይ በሞትኩት!»

«አደራ እማዬ፣ እስከ እሑድ አንድ ነገር እንዳይሆንብኝ። ጠብቂልኝ።» መሰላሉን እንዳቆመ ትቶት ሮጠ።

ማታ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ ባትሪውን ለካ። የሞላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። «የመጀመሪያ ቀን ስለሆነ ነው» አለ። ማክሰኞም ያው። ረቡዕ ባትሪው ጭራሽ ወረደ፤ እናቱ መሣሪያዋን ሁለቴ ተጠቅማ ነበር። ሰሞኑን ትንፋሿ ብሶባታል።

«ዛሬም አንሶላ አጥበሽ ነው?» አላት፣ ገመዱ ላይ የተሰጣውን ዓይቶ።

«አቧራ ጠጥቶ» አለች።

እሱ ግን ልቡ እዚያ አልነበረም። ሽቦው ይሆን? ኃይሉ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግደውን ዳዮድ ገልብጬ ገጥሜው ይሆን? ወይስ ባትሪው አርጅቷል? እራት ቀርቦለት ማንኪያውን እንደያዘ ተነስቶ ሄደ። ሥራ ቦታም ሐሳቡ አልተወውም፤ ሐሙስ ዕለት የአንድ ሙሽራን የቁም መስታወት ጉልበት ላይ ቆረጠው። አለቃው ብዙም አልተቆጣም።

«መስታወት በእጅ እንጂ በሐሳብ አይቆረጥም» አለው። «ዛሬ የቆረጥከው በሐሳብ ነው።»

ዓርብ ማታ ከሥራ ተመልሶ ሶላሩን አወረደው። ሲሊኮኑን በምላጭ ፈልቅቆ ሠላሳ ስድስቱንም መገጣጠሚያ አንድ በአንድ ነካካ። ደህና ናቸው። ይኼ ነው ያናደደው! ጥፋት ቢያገኝ ባረፈ። መልሶ ደፈነው፣ ቅዳሜ ማለዳ መልሶ ሰቀለውና ወደ ሥራው ሄደ። ቅዳሜ ማታም ባትሪው ፍንክች አላለም። እሑድ ጎህ ሲቀድ ለካ፤ አሥራ አንድ ነጥብ አራት ቮልት፣ ባዶ ማለት ነው። ቴስተሩን ጠረጴዛው ላይ ወርውሮ ትቶት ወጣ። በቃ፣ ተስፋ ቆረጠ።

እቴቴ ሦስት ሰዓት ላይ ከነሻንጣዋ ከች አለች። እናቷን ሳመች፣ ወንድሟን ሳመች፣ ሻይ ሳትጠጣ ቁም ሳጥኑን ከፈተች። እንግዳ ነው፣ ወሬ ነው፣ ጎረቤት ይገባል፣ ጎረቤት ይወጣል፤ ቤቱ ገበያ መሰለ። የእማዬ ልብሶች አንድ በአንድ እየታጠፉ ሻንጣ ውስጥ ሲገቡ ልጅየው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይንቆራጠጣል።

«አንተ ደግሞ ተቀመጥ! አዞርከኝ እኮ» አለችው እህቱ።

«እቴቴ፣ አንድ ሳምንት ስጪኝ።»

«ሳምንቱን ሰጥቼህ ነበር። እንካ፣ ይኸው አለቀ።»

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል እናታቸው ከመካከላቸው ጠፋች። ከጓሮ መሰላሉ ሲንቋቋ ተሰማ። ልጅየው ሮጦ ወጣ። አሮጊቷ አራተኛው እርከን ላይ ናት፤ ትከሻዋ ላይ ያ አንሶላ አለ፤ ትንፋሿ ከሩቅ ይሰማል።

«እማዬ! ምን ልሁን ብለሽ ነው?»

«ልሸፍነው ነዋ!» አለች እያለከለከች። «የሰው ብዛት አዘናግቶኝ ሰዓቱ አለፈ። ሁሌም አራት ሰዓት ላይ ነበር የምሸፍነው። ሞቅ ከማለቱ በፊት።»

«የምትሸፍኚው?»

«ማታ ማታ ልትመጣ ስትል አነሳለታለሁ። ምን ላድርግ ልጄ? አንተ አይደለህ ፀሐይ ይመታዋል፣ አደራ ጠብቂው ያልከኝ? ስንት ቀን የለፋህበት! እስከ እሑድ ቢበላሽ እኮ...» ሳል አቋረጣት።

መሰላሉ ሥር እንደቆመ ይሳቅ ያልቅስ ጠፋው። ይኼን ሁሉ ቀን፣ በዚያ ትንፋሽ፣ በቀን ሁለቴ መሰላል! እዚሁ ትቆይ ብሎ የሠራውን እሷ ደግሞ እዚሁ ልቆይ ብላ ስትሸፍነው ከርማለች።

አቅፎ አወረዳት። አስሟ ግን ተነስቷል፤ ከንፈሯ ጠቁሯል፣ ደረቷ ያፏጫል። እቴቴ እየሮጠች ወጥታ እናቷን ያዘች።

«መኪና! መኪና ጥሩ! ባትሪው ባዶ ነው ብሎኛል!»

ልጅየው ወደ ቤት ተፈተለከ። ቴስተሩን ከባትሪው አገናኘ፤ አሥራ ሦስት ነጥብ ሁለት ቮልት፣ ሞልቷል! ዓይኑን አላመነም፣ ደግሞ ለካ። ያው ነው። ዛሬ ሶላሩን የሸፈነው የለም፤ ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይ ሲጠጣ ነው የዋለው።

«አምጫት!» ብሎ ጮኸ። «እቴቴ፣ አምጫት!»

መሣሪያዋ አንዴ ተንተፋተፈችና ማጉረምረም ጀመረች። ነጩ ጉም ከአፍና ከአፍንጫዋ ዙሪያ ተነሳ። እህትና ወንድም ግራና ቀኝ ተንበርክከው የደረቷን መውጣትና መውረድ ቆጠሩ። እቴቴ፣ ያቺ የማትበገረው ሴት፣ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። ከብዙ ደቂቃ በኋላ ፉጨቱ እየራቀ ሄደ፤ የእማዬ ከንፈርም ወደ ቀለሙ ተመለሰ።

የተጠራው መኪና ደጅ ላይ ጥሩምባ ነፋ። እቴቴ በመስኮት «ይቅርታ፣ አንሄድም!» አለችው። ከዚያ ሻንጣውን ከፍታ የእናቷን ልብሶች አንድ በአንድ ወደ ቁም ሳጥኑ መለሰች። ጓሮ ወጥታ መሰላሉ ሥር የወደቀውን አንሶላ አነሳች፣ አራገፈች፣ አራት አጠፈችና ባዶው ሻንጣ ውስጥ ከትታ ዚፑን ዘጋችው።

«እኔ ይዤ የምሄደው ይኼን ነው» አለች። «መሰላሉን ደግሞ አንተ ሥራ ቦታህ ውሰደው።»

እማዬ ጭምብሉን ከአፏ ትንሽ ገለል አደረገች። ድምጿ ገና ሻካራ ነው።

«ታዲያ ፀሐይ ቢመታውስ?»

«ይምታው እማዬ» አላት ልጇ፣ ጭምብሉን መልሶ እያስተካከለላት። በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ወለሉ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። «ይምታው።»