ምድር ቤቱ ያጣው አየር

ሰፈርተኛው «ጋሼ ቱቦ» የሚለው ቧንቧ ሠራተኛ የዚያን ቀን ጠዋት ከአልጋው የወረደው ጉልበቱን በሁለት እጁ ደግፎ ነው። ስልሳ ሊሞላው ነው። ሥራው ደግሞ መንበርከክ፣ መጎንበስ፣ ጣራ ላይ መንጠልጠል። «ዛሬስ ቀለል ያለ ነገር ይግጠመኝ» ብሎ ወጣ።

በሩን የከፈተችለት ሴት ፊቷ ጠውልጓል።

«ጋሼ፣ ሽታው ሊገድለን ነው» አለችው ገና ሳይገባ።

አባቷ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ ናቸው። ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ካላቸው ወዲህ ደረጃ መውጣት አቃታቸው። ምድር ቤቱ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ በር ስላለው እዚያ ክፍል አዘጋጀችላቸው፤ ሽንት ቤትም አሠራች። ሽታው የጀመረው በሳምንቱ ነው።

«ስንቴ በበረኪና አጠብኩት መሰለህ። አባዬ ደግሞ ምግብ እምቢ ብሏል።»

ጋሼ ቱቦ እያነከሰ ወረደ። ሽማግሌው አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ ሰላምታውን እንኳ በቅጡ አልመለሱለትም። ሽንት ቤቱ ከመንገዱ የፍሳሽ መስመር በታች ስለሆነ ፍሳሹ ወለል ውስጥ በተቀበረ ገንዳ ይጠራቀምና ፓምፕ ወደ ላይ ይገፋዋል። ውሃ ለቀቀ። ፓምፑ አጓራ፤ ወዲያው የእጅ መታጠቢያው ጉልግል ጉልግል ይል ጀመር። ከሥሩ ያለው ቆልማማ ቱቦ ሽታ የሚያግደውን ውሃ ተመጦ ባዶውን ቀርቷል።

«የአየር ቱቦ አላደረጉለትም» አላት። «ፓምፑ ሲስብ አየር ያጣል፤ ሲያጣ ከዚህ መታጠቢያ ውሃውን ጨምሮ ይስባል። ከገንዳው ተነሥቶ በኩሽናሽና በመኝታ ቤትሽ ግድግዳ አልፎ ጣራ ላይ የሚወጣ ቱቦ ያስፈልገዋል።»

ሴትየዋ ደረጃው ላይ ዘጭ አለች። «ግድግዳውን ቀለም ካስቀባሁ ገና ወሩ ነው!»

እሱም ደክሞታል። አጭር ቱቦ በጓሮ በኩል ቢያወጣ እስከ ምሳ ይገላገል ነበር። ግን የሽማግሌው መስኮት እዚያው ነው፤ ሽታው ዞሮ እሳቸው ላይ ይመጣል።

ሴትየዋ ኩሽናውን ልታነሣሣ ስትወጣ ሽማግሌው ዞር አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እውነቱን ንገረኝ። እኔ ነኝ አይደል?»

«ምኑ፣ አባባ?»

«ሽታው። ሳይታወቀኝ እያመለጠኝ ይሆናል ብዬ… ካልበላሁ የሚያመልጠኝም አይኖርም አልኩ።»

ጋሼ ቱቦ በብብታቸው ገብቶ ደግፎ አስነሣቸውና መታጠቢያው ዘንድ አቆማቸው። ውሃ ለቀቀ።

«ይሰሙታል ጉልግሉን? ሽታው የሚመጣው በዚህ ነው። ጥፋተኛው ሽንት ቤቱን የሠራው ሰው ነው። እርስዎ የሉበትም።»

«እስቲ ድገመው።»

ደገመው። ሽማግሌው ጆሯቸውን አስጠግተው ሰሙ።

«እጁ ይሰበር!» አሉ በመጨረሻ። «አንድ ሳምንት ሙሉ ጾም አስያዘኝ!»

ሥራው ሁለት ቀን ተኩል ፈጀ። ኩሽናው በአቧራ ነጣ፤ ጣራው ላይ ጉልበቱ እየከዳው ሁለት ጊዜ ቁጭ ብሎ አረፈ። በሦስተኛው ቀን ከምሳ በኋላ ውሃ ሲለቅ ፓምፑ አጉረምርሞ ዝም አለ። መታጠቢያው ኮሽ አላለም።

ሴትየዋ ከታች ባዶ ሳህን ይዛ ወጣች። «ጥርግ አድርጎ በላ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «ሽታው የእሱ መስሎት እንደነበር አሁን ገና ነገረኝ። ለምን ቀድሞ ለእኔ አልነገረኝም?»

«ልጃቸው ነሽና ያፍራሉ። እኔን ነገ አያዩኝም።»

መሣሪያውን ሊሰበስብ ሲወርድ ሽማግሌው ቱቦውን የሸፈነበትን ጣውላ አንድ ዐይናቸውን ጨፍነው ይመረምራሉ።

«ጠማማ ነው» አሉት። «እኔ ሱሪ እንዲህ አልሰፋም።»

«እውነትዎን ነው፣ አባባ» አለና አጠገባቸው አልጋው ላይ ተቀመጠ። ቶሎ መነሣት አልቻለም።